«ተመርመር» ያለው ማን ነው? ከባር ቤት ጨዋታ እስከ ስልክ መልእክት

በአሜሪካ ደቡብ፣ በሚሲሲፒ ግዛት፣ ቢሎክሲ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አለች። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጄፍሪ ኬሊ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በዚያች ከተማ አንድ ያልተለመደ ሥራ ጀመረ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተመራማሪዎቹ የሄዱት ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች ወደሚያዘወትሯቸው መጠጥ ቤቶች ነበር። በዚያ ዘመን ኤድስ ይህን ማኅበረሰብ ክፉኛ ይገድለው ነበር፤ ሕይወት የሚያተርፍ መድኃኒትም ገና አልተገኘም። ይሁን እንጂ ተመራማሪዎቹ ሐኪም አላሰለፉም፤ ድምፅ ማጉያም አልተከሉም። አሳላፊዎቹን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ከደንበኞቹ መካከል ሰው የሚከበው፣ ሁሉም ሰላም የሚለው፣ ሲናገር የሚደመጠው ማን እንደሆነ ልብ ብለው እንዲያዩና ስሙን እንዲነግሯቸው።

በዚህ መንገድ የተለዩት ሰዎች ተጋብዘው ሠለጠኑ። ሥልጠናው ከጓደኛ ጋር ወሬ መጀመርን የሚያስተምር እንጂ መድረክ ላይ ንግግር ማድረግን የሚያስተምር አልነበረም። ደረታቸው ላይ የትራፊክ መብራት ምስል ያለበት ትንሽ ምልክት ያደርጉ ነበር። አንዱ ጓደኛ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲል ጨዋታው ይጀመራል። ስለ ኮንዶም፣ ስለ ጥንቃቄ፣ «እኔ ራሴ እንዲህ ማድረግ ጀምሬአለሁ» ስለሚል ቃል። ከዚያ ወሬው ይቀጥላል፤ ቢራውም ይቀዳል።

ውጤቱ በ1991 ታተመ። ባለፉት ሁለት ወራት ያለ ኮንዶም የፊንጢጣ ወሲብ ፈጽመናል ያሉት ወንዶች ቁጥር ከመቶ 37 ገደማ ወደ 28 ገደማ ወርዶ ተገኘ። ለውጡን ያመጣው አዲስ መድኃኒት ወይም አዲስ ሕግ አልነበረም። ሰዎቹ የሚያውቁትን ሰው ሰሙ፤ ያ ብቻ ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያዊ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ኬሊ የተመረኮዘበት ሐሳብ የመጣውም ከእርሻ ነው። ኤቨረት ሮጀርስ የተባለው ምሁር በ1962 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ አዲስ ነገር በማኅበረሰብ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ ሲያብራራ፣ ቀደም ብሎ በአይዋ ግዛት በቆሎ አምራቾች ላይ የተሠራ ጥናትን አንዱ መሠረቱ አድርጎ ነበር። ገበሬው ስለ አዲሱ ዘር መጀመሪያ የሚሰማው ከሻጩ ሊሆን ይችላል፤ የሚዘራው ግን የጎረቤቱን ማሳ አይቶ ነው። የኢትዮጵያ የግብርና ኤክስቴንሽን «ሞዴል አርሶ አደር» የሚለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ይህ ታሪክ የዚያ ሐሳብ ታሪክ ነው። ከባር ቤት ወጥቶ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ፤ ከኮምፒውተር ወደ ስልክ ተሻገረ። በመንገዱ ላይ ብዙ ሰው አተረፈ፤ አንድ ጊዜም ክፉኛ ተከዳ።

*

በመጀመሪያ ግን ሰዎች ምርመራን ለምን እንደሚሸሹ መረዳት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የኤች አይ ቪ የደም ምርመራ በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በመጋቢት 1985 ነው። የተፈቀደበት ዋና ዓላማ ለሆስፒታል የሚለገሰውን ደም ለማጣራት ነበር። የጤና ባለሥልጣናቱ ወዲያው አንድ ስጋት ገባቸው፤ ለበሽታው የተጋለጡ ወንዶች ውጤታቸውን ለማወቅ ብለው ደም ለመለገስ ቢሰለፉስ? ስለዚህ ከደም ባንክ ውጪ ልዩ የምርመራ ጣቢያዎች ተከፈቱ። በካሊፎርኒያ ጣቢያዎች ሰውየው ስሙን አይናገርም፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በቁጥሩ ተመልሶ ውጤቱን ይሰማል።

ስም አለመጠየቁ እንዲያው ለጨዋነት የተደረገ አልነበረም። በዚያ ዘመን ቫይረሱ በደሙ እንደተገኘ የተሰማበት ሰው ከሥራ ይባረራል፣ ከኪራይ ቤት ይወጣል፣ ኢንሹራንስ ይከለከላል። መንግሥት የስም ዝርዝር ይይዝ ይሆን የሚለው ፍርሃት በሽታውን ከመፍራት አያንስም ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ውጤቱን ማወቅ የሚያስገኘው ጥቅም ትንሽ ነበር። ኤ.ዜ.ቲ. የተባለው የመጀመሪያው መድኃኒት የተፈቀደው በ1987 ነው፤ እሱም ብቻውን ዕድሜን ብዙ አያራዝምም። «ተመርመርና ምን ልሁን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሞኝ አልነበረም።

ባለሥልጣናት ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ በብዙ አገር ማስፈራራት ሆነ። በ1987 የአውስትራሊያ ቴሌቪዥን ማጭድ የያዘ ሞት ሰዎችን እንደ ቦውሊንግ ጣውላ እየመታ ሲጥል አሳየ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ መንግሥት በቴሌቪዥን የመቃብር ድንጋይ አሳየ። ማስታወቂያዎቹ በሽታው መኖሩን ለሁሉም አሳወቁ፤ በዚያ በኩል ሥራቸውን ሠርተዋል። የፈራ ሰው ግን ሁልጊዜ ወደ ሐኪም አይሮጥም። ብዙ ጊዜ ይደበቃል።

በ1996 ነገሩ ተገለበጠ። ሦስት መድኃኒቶችን አንድ ላይ መስጠት ቫይረሱን እንደሚገታ በዚያ ዓመት በቫንኩቨር በተካሄደው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ይፋ ሆነ። ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች ከአልጋ ተነሱ። በ2011 ደግሞ ኤች.ፒ.ቲ.ኤን. 052 የተባለው ጥናት ቀድሞ ሕክምና የጀመረ ሰው ቫይረሱን ወደ ትዳር ወይም ፍቅር ጓደኛው የማስተላለፍ ዕድሉ 96 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ጨመሩበት፤ መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በወሲብ አያስተላልፍም።

ስለዚህ «ተመርመርና ምን ልሁን?» የሚለው ጥያቄ መልስ አገኘ፤ ትኖራለህ። ምርመራ ከሞት ፍርድ ወደ ሕይወት በር ተለወጠ። ፍርሃቱ ግን በዚያው ፍጥነት አልተለወጠም። ሰዎች አሁንም የክሊኒኩን በር ከመግፋታቸው በፊት ግራና ቀኝ ያያሉ።

*

በዚህ መካከል ባር ቤቱ ባዶ መሆን ጀመረ። ወንዶቹ የሚገናኙበት ቦታ ወደ ኢንተርኔት ተሻገረ።

ይህን ቀድሞ በግልጽ ያየው የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ጤና መሥሪያ ቤት ነው። በ1999 በከተማዋ የቂጥኝ በሽታ ያለባቸው ጥቂት ወንዶች ተገኙ። የጤና ሠራተኛ እንዲህ ያለ ሰው ሲያገኝ ከማን ጋር እንደነበረ ይጠይቃል፤ የተጠቀሱትን ሰዎች ፈልጎም ያሳክማል። የድሮ አሠራር ነው። በዚህ ጊዜ ግን ታማሚዎቹ የሰጡት መልስ መዝገብ ላይ የሚሠፈር ዓይነት አልነበረም። የተገናኙት በአሜሪካ ኦንላይን የቻት ክፍል ውስጥ ነው፤ የሰዎቹን ትክክለኛ ስምም ሆነ አድራሻ አያውቁም። የሚያውቁት በቻቱ ላይ የሚጠቀሙበትን ቅጽል ስም ብቻ ነው።

መሥሪያ ቤቱ የቅጽል ስሞቹን ባለቤቶች እንዲነግረው ኩባንያውን ጠየቀ። ኩባንያው የደንበኞቼን ምስጢር አልሰጥም አለ። ቂጥኝ እየተዛመተ፣ ቂጥኝ ያለበት ሰው ደግሞ ኤች አይ ቪ የመያዝና የማስተላለፍ ዕድሉ እየጨመረ፣ እንዲህ ያለ እምቢታ የጤና ባለሙያውን ማናደዱ አይቀርም።

ነገር ግን ያ እምቢታ ያስከተለውን ማየት ይገባል። የጤና ሠራተኞቹ ዝርዝር ይዞ እንደሚያሳድድ ፖሊስ መግባት አልቻሉም። ስለዚህ እንደ እንግዳ ገቡ። በማኅበረሰቡ ዘንድ የታወቀ ፕላኔት አውት የተባለ የኢንተርኔት ኩባንያን እርዳታ ጠየቁ፤ በእሱ በኩል በቻት ክፍሉ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ተሰራጨ፤ በቅጽል ስሞቹ አድራሻ መልእክት ተላከ፤ ወንዶቹም መጥተው እንዲመረመሩ ተነገራቸው። ከተጠቀሱት ሰዎች ብዙዎቹ ተገኝተው ተመረመሩ። ጄፍሪ ክላውስነርና ባልደረቦቹ ይህን በ2000 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ሲያሳትሙ፣ በሽታን በኢንተርኔት ተከትሎ የመሄድ ሥራ በወግ ተመዘገበ። በ2004 ደግሞ በዚያችው ከተማ አንድ ሰው «በአባለዘር በሽታ ተይዤአለሁ፤ አንተም ተመርመር» የሚል የኢንተርኔት ካርድ፣ ከፈለገ ስሙን ሳይገልጽ፣ ለጓደኛው የሚልክበት አገልግሎት ተከፈተ።

ሁለቱም ጥሩ ጅምር ነበሩ። ሁለቱም ግን ማስታወቂያን ወይም ማስጠንቀቂያን ወደ አዲስ ቦታ የሚያደርሱ ናቸው። የቢሎክሲው ጥበብ፣ ማለትም የሚታመን ሰው ጨዋታ፣ ገና ወደ ኢንተርኔት አልገባም ነበር።

*

ያን ያስገባው በሎስ አንጀለስ የተሠራ ጥናት ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎስ አንጀለስ ካምፓስ ሾን ያንግ የተባለ ተመራማሪ በ2010 ሆፕ የተሰኘ ጥናት ጀመረ። የስሙ ትርጉም «ተስፋ» ነው። ተሳታፊዎቹ ከወንዶች ጋር የወሲብ ግንኙነት ያላቸው 112 ወንዶች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያንና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ነበሩ። በአሜሪካ በቫይረሱ ክፉኛ ከተጎዱትና ከሕክምናው ከራቁት መካከል እነዚህ ይገኙበታል።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ወንዶቹ በዕጣ ተከፋፍለው ዝግ የፌስቡክ ቡድኖች ውስጥ ገቡ። በአንደኛው ወገን ባሉት ቡድኖች ከራሳቸው ከማኅበረሰቡ የተመረጡና የሠለጠኑ አቻዎች ስለ ኤች አይ ቪ መከላከልና ምርመራ ያወራሉ። በሌላኛው ወገን ያሉት አቻዎች ስለ ምግብ፣ ስለ ስፖርትና ስለ ጭንቀት፣ ማለትም ስለ አጠቃላይ ጤና ያወራሉ። ማንም እንዲመልስ አይገደድም። በየአራት ሳምንቱ ለሁሉም አንድ ነገር ይነገራቸዋል፤ ከፈለጋችሁ ቤታችሁ የሚላክ ነፃ የመመርመሪያ ኪት መጠየቅ ትችላላችሁ።

12 ሳምንት አለፈ። ስለ ኤች አይ ቪ በተወራባቸው ቡድኖች ከነበሩት 57 ወንዶች 25ቱ ኪት ጠየቁ። በሌሎቹ ቡድኖች ከነበሩት 55 ወንዶች የጠየቁት 11 ናቸው። በመቶኛ ሲሰላ 44 በ20 መሆኑ ነው። ኪቱ አንድ ነው፤ ፌስቡኩ አንድ ነው፤ የሚላከው ማስታወሻም አንድ ነው። ልዩነቱ የጨዋታው ነበር።

እዚህ ላይ ጥናቱን ከልክ በላይ ማሞገስ አይገባም። ኪት መጠየቅ መመርመር አይደለም። ከ25ቱ ጠያቂዎች ናሙናቸውን ልከው ውጤታቸውን የሰሙት 9 ብቻ ነበሩ፤ ከ11ዱ ደግሞ 2። ሰውየው እሺ ብሎ፣ ኪቱ ቤቱ ደርሶ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ሳይከፈት የሚቀርበት ሌሊት አለ። ያን ሌሊት የሚያሳልፈው ብቻውን ነው። ማንም የፌስቡክ ቡድን ጣቱን ሊወጋለት አይችልም።

ቢሆንም ሐሳቡ በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ ተፈተነ። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ 556 ወንዶች በተመሳሳይ መንገድ ተከፋፈሉ። በዚህ ጊዜ ኪት ወደ ቤት አይላክም፤ ተሳታፊው ራሱ ተነሥቶ ወደ ክሊኒክ መሄድ አለበት። ውጤቱ በ2015 ሲታተም፣ አቻዎች ስለ ኤች አይ ቪ ካወያዩአቸው 252 ሰዎች 43ቱ ሄደው ተመርምረዋል፤ ከሌሎቹ 246 ሰዎች ግን 16ቱ ብቻ። 17 በመቶ በ7 በመቶ ማለት ነው። ከመቶ ሰው ሰማንያ ሦስቱ አሁንም አልመጡም። ግን ከእጥፍ በላይ የሚሆኑት መጡ፤ ያመጣቸውም ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ የተደረገ ወሬ ነው።

*

ያን ብቸኛ ሌሊት ያሳጠረው ሌላ ነገር ነው። በሐምሌ 2012 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰው ቤቱ ተቀምጦ ድዱን በመጥረግ በ20 ደቂቃ ገደማ ውጤቱን ራሱ የሚያይበትን መመርመሪያ ፈቀደ። ናሙና መላክ የለም፤ ስልክ ደውሎ መጠበቅ የለም። በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት ራስን በራስ መመርመር ከሌሎች አማራጮች ጋር እንዲቀርብ ለአገሮች ሁሉ መከረ። አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ ግን አለው፤ ቤት ውስጥ «አለ» የሚል ውጤት የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ በጤና ተቋም መረጋገጥ አለበት።

የኢንተርኔቱ ጥሪና የቤቱ መመርመሪያ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባካሄደው ጥናት ታየ። ለተጋለጡ 2,665 ወንዶች ጥሪ ቀረበ፤ ጥሪው የቀረበው ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ነው። ግማሽ ያህሉ መመርመሪያ ኪት በፖስታ ተላከላቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ ኪት ከተላከላቸው መካከል 25 ሰዎች ቫይረሱ እንዳለባቸው አወቁ፤ ካልተላከላቸው መካከል 11። ቁጥሮቹ ትንሽ ይመስላሉ። ነገር ግን እያንዳንዱ ቁጥር ሳያውቅ ሊታመምና ሊሞት፣ ሳያውቅም ሊያስተላልፍ ይችል የነበረ ሰው ነው።

*

ከዚያ ክህደቱ መጣ።

ግራይንደር በ2009 የተጀመረ፣ ወንዶች ከወንዶች ጋር የሚተዋወቁበት የስልክ መተግበሪያ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተጠቃሚዎች ስላሉት የጤና ሠራተኞች እንደ ትልቅ በር ያዩት ነበር። መተግበሪያው ተጠቃሚዎች የኤች አይ ቪ ሁኔታቸውንና መጨረሻ የተመረመሩበትን ቀን እንዲጽፉ ቦታ ሰጠ። በመጋቢት 2018 መጨረሻ ደግሞ በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ «የምርመራ ጊዜህ ደርሷል» የሚል ማስታወሻ መላክ እንደሚጀምር አስታወቀ። ብዙዎች አጨበጨቡ።

ቀናት ብቻ አለፉ። በሚያዝያ መጀመሪያ ኩባንያው የተጠቃሚዎቹን የኤች አይ ቪ ሁኔታ ለሁለት የሶፍትዌር ድርጅቶች ሲያካፍል እንደነበር በዜና ወጣ። መረጃው የሚሄደው ሰውየው ካለበት ቦታ፣ ከስልኩ መለያና ከኢሜይል አድራሻው ጋር ነበር። ኩባንያው ድርጅቶቹ መተግበሪያውን ለማሻሻል የሚረዱ እንጂ መረጃ የሚገዙ እንዳልሆኑ ተከራከረ፤ ማካፈሉንም እንደሚያቆም ተናገረ።

ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ የተሰበረው ነገር በማስተባበያ አይጠገንም። ወንዶቹ መረጃውን የጻፉት ከሌላ ወንድ ጋር ሲተዋወቁ እውነቱን ለመናገር ነው። በ1985 ካሊፎርኒያ ስም ሳይጠየቅ ቁጥር የተሰጠው ሰው፣ በ1999 ቅጽል ስሙ ተላልፎ ያልተሰጠበት ሰው፣ እምነት የጣለበት ምክንያት ነበረው። በ2018 ግን ሰውየው በገዛ እጁ የጻፈው ገመና ከጀርባው ተጓዘ። አንድ ጊዜ እንዲህ የሆነበት ወንድ በሚቀጥለው ጊዜ «ተመርመር» የሚል መልእክት ስልኩ ላይ ሲያይ መልእክቱን ከማንበቡ በፊት ላኪውን ይጠረጥራል።

ከሠላሳ ዓመት በላይ የሚወስደው ይህ ታሪክ የሚያስተምረው እዚህ ላይ ይሰበሰባል። ቦታው ተቀያይሯል፤ ባር ቤት፣ ቻት ክፍል፣ ፌስቡክ፣ ስልክ። መመርመሪያውም ተሻሽሏል። ሥራው የያዘበት ቦታ ሁሉ ግን ሁለት ነገሮች አብረው ነበሩ፤ «ተመርመር» የሚለው የሚታወቅና የሚታመን ሰው ነው፤ የተመረመረውም ሰው ምስጢሩ የራሱ ሆኖ ይቀራል። አንዱ ሲጎድል ሥራው ይዳከማል። ሁለተኛው ሲጎድል የመጀመሪያውንም ይዞት ይወድቃል።

*

የቢሎክሲና የሊማ ወንዶች ኑሮ ለብዙ የአማርኛ አንባቢ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ቫይረሱ ግን ማን ከማን ጋር እንደተኛ አይመርጥም፤ ወንድ ልጅ ከምርመራ የሚሸሽበት ምክንያትም ከአገር አገር ብዙ አይለያይም።

በኢትዮጵያ የቫይረሱ መኖር የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች የተመዘገቡት በ1978 ዓ.ም.። በሽታው ቀድሞ የያዘው መንገዱን ነበር። በ1988 በረጅም ርቀት የጭነት መኪና አሽከርካሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከመቶ 13 ያህሉ ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። እነዚህ ሰዎች ከቤታቸው ርቀው፣ መኪና ውስጥ እያደሩ፣ ተራ እየጠበቁ የአገሪቱን ጭነት ያጓጓዙ ናቸው። ዛሬም የኢትዮጵያ ወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ መንገድ ነው፤ በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በሎግያ፣ በሰመራ፣ በጋላፊ። መኪናው ሲቆም ሾፌሩም ይቆማል፤ ማታም ይመጣል።

ኢትዮጵያ ስም ሳይጠየቅ ማውራት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከማንም አልተማረችም ማለት ይቻላል። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው «ወገን» የተባለው የ952 ነፃ የስልክ መስመር በዚሁ ላይ የቆመ ነበር። ደዋዩ ፊቱ አይታይም፤ ስሙ አይጠየቅም፤ ለጓደኛው ሊያወጣው ያልደፈረውን ጥያቄ ለማያውቀው አማካሪ ያወጣዋል። በዓመቱ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ጀመረ። በየትምህርት ቤቱ የነበሩት የፀረ ኤድስ ክበባት ደግሞ «የአቻ ለአቻ ትምህርት» የሚለውን ቃል ከከተማ እስከ ገጠር አደረሱት። የቢሎክሲው ጥበብ በአማርኛ ስም ከወጣለት ሃያ ዓመት አልፎታል።

ከዚያ ዝምታ መጣ። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉት ኢትዮጵያውያን መካከል ቫይረሱ ያለባቸው 0.9 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ደስም ያሰኛል። ነገር ግን አማካይ ቁጥር አታላይ ነው። የሾፌሩን፣ ወደ ሰፋፊ እርሻዎች ለወቅት ሥራ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛና የአንድ መምህርን ተጋላጭነት አንድ ላይ ደርቦ ያካፍላል። በሽታው ካለቀበት አገር ይልቅ ወሬው ያለቀበት አገር ይበልጥ ያሰጋል።

በዓለም ዙሪያም ወንዶች ሁኔታቸውን በማወቅ ከሴቶች ወደ ኋላ ይቀራሉ። ሴት በእርግዝና ክትትል ጊዜ ምርመራውን ታገኘዋለች። ወንድ ግን ካልታመመ፣ ወይም ሊያገባ ካልሆነ፣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስገባው ጉዳይ የለውም። የሚሄድም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚመርጠው የሰፈሩ ሰው የማያየውን ጣቢያ ነው። ኢትዮጵያም ራስን በራስ መመርመሪያን በአገልግሎቷ ውስጥ አካታለች። ስለዚህ ዛሬ ሚሌ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሾፌር ስልክ አለው፤ ጊዜ አለው፤ የሾፌሮች የቴሌግራምና የዋትስአፕ ቡድንም አይጠፋውም። የነዳጅ ወሬ፣ የመንገድ መዘጋት፣ የጎማ ዋጋ ሁሉ በዚያ ይመጣል።

የሚጎድለው በዚያ ቡድን ውስጥ የሚናገረው ሰው ነው። የመሥሪያ ቤት ማኅተም ያለበት ፖስተር «ይመርመሩ» ቢል ሾፌሩ በጣቱ ገፍቶ ያልፈዋል። ሃያ ዓመት መንገዱን ያውቀዋል የሚባል፣ መኪና ሲበላሽ የሚደወልለት ሰው «ባለፈው ሳምንት ተመረመርኩ፤ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ኪቱን እዚህ ታገኘዋለህ» ቢል ግን ጣቱ ትንሽ ይቆማል። እንዲህ ያለውን ሰው መፈለግ፣ ማሠልጠንና የሚሰማውን ምስጢር እንዲጠብቅ ማስማል ከፖስተር ማሳተም ይከብዳል። ርካሽም አይደለም። የቢሎክሲ፣ የሎስ አንጀለስና የሊማ ቁጥሮች የሚሉት ግን ድካሙ ዋጋ እንዳለው ነው።

አደጋውም እኩል መታወስ አለበት። እዚያው ቡድን ውስጥ የአንድ ሰው ውጤት በስክሪን ፎቶ አንድ ጊዜ ቢወጣ፣ የሰውየው ሥራና ትዳር ብቻ አይደለም የሚፈርሰው። በዚያ መንገድ ላይ «ተመርመር» የሚለው ቃል ራሱ ለዓመታት ይፈርሳል። ስለዚህ ጥሪው በቡድን፣ ውጤቱ ግን በግል መሆን ይኖርበታል። ማንም ውጤቱን ቡድኑ ውስጥ እንዲጽፍ አይጠየቅ፤ የማንም ስም በዝርዝር አይያዝ። ቫይረሱ የተገኘበት ሰው የሚላክበት የጤና ተቋም፣ የሚቀበለው ባለሙያና በማግስቱ የሚጀምረው መድኃኒት ከጥሪው በፊት መዘጋጀት አለባቸው። መድኃኒት የሌለው ጥሪ የ1985ቱን ጥያቄ መልሶ ያመጣል።

ይህ መንገድ የሚያልፍበት የአፋር ሕዝብ ዳጉ የሚባል ባህል አለው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ማን ታመመ፣ የት ዘነበ፣ የትኛው መንገድ ሰላም ነው። ዳጉ የሚሠራው ወሬው ፈጣን ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የሚናገረው ሰው ስለሚታወቅና ውሸት ነውር ስለሆነ ነው። ሎስ አንጀለስ ላይ በፌስቡክ የተገኘው ነገር ከጅቡቲ መንገድ ዳር በዛፍ ጥላ ሥር ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል። ስልኩ ሾፌሩ ኪስ ውስጥ አለ፤ ኪቱም ከጤና ተቋም ይገኛል። የቀረው የሚታመን ሰው አፉን መክፈቱ፣ የሰማውም ሰው ምስጢሩ ተጠብቆለት ወደ ቤቱ መግባቱ ነው።